«ከገቢዎች ነህ እንዴ?»፦ የሚስጥራዊ ደንበኛ ሥራ ከደሴ ሲታይ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ።

ቴሌግራም ላይ የመጣለት መልእክት ነው። «ሚስጥራዊ ደንበኛ ይሁኑ! ካፌ ገብተው ይጠጣሉ፣ ሱቅ ገብተው ይገዛሉ፣ በቀን እስከ 1,500 ብር ያገኛሉ። ልምድ አይጠየቅም።» ከሥሩ ደግሞ ለመመዝገቢያ 600 ብር በቴሌብር እንዲልክ ስልክ ቁጥር ተቀምጦለታል።

«እውነት ነው ውሸት?»

ሥራው እውነት ነው፤ መልእክቱ ውሸት ነው። እንዲህ ስለው ግራ ገባው። ቢገባውም አይፈረድበትም። ሥራው ጭራሽ የሌለ ቢሆን ኖሮ በስሙ የሚታለል ሰው አይኖርም ነበር። ቁጭ በል፣ ቡናው እስኪፈላ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ አልኩት። እኔ ጥቂት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሀብታም አላደረገኝም፣ ውስጡን ግን አይቼዋለሁ።

ለምን ሰው ይልካሉ?

አንድ ባንክ እናስብ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ። አለቆቹ ሠራተኛ ሰብስበው አሠልጥነዋል። ደንበኛ ሲገባ ሰላም በሉ፣ ወረፋ ከበዛ ሁለተኛ መስኮት ክፈቱ፣ ሒሳብ ሊከፍት ለመጣ ሰው አማራጮቹን አስረዱ ብለዋል። ይህ ሁሉ ኮምቦልቻ ላይ ይደረጋል ወይ? አለቃው ራሱ ቢመጣ ሁሉም ብድግ ይላል። ደንበኛውን ቢጠይቁት «ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣል። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት ሰው መክሰስ ነውር ነው፤ ቅሬታችንን ይዘን ወጥተን ታክሲ ውስጥ ነው የምናወራው።

ስለዚህ ማንም የማያውቀው ሰው ይላካል። እንደማንኛውም ሰው ይሰለፋል፣ ይጠይቃል፣ ይስተናገዳል፣ ይወጣል። ከዚያ ያየውን ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ሚስጥራዊ ደንበኛ የሚባለው ይህ ሰው ነው። ፈረንጆቹ «ሚስተሪ ሾፐር» ይሉታል። ስሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ ያኔ የተፈለገው ለፈገግታ አልነበረም። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳቡን ወደ ካዝና ነው ወይስ ወደ ኪሱ የሚከተው የሚለውን ለማየት ነበር። ሌባ ፍለጋ የተጀመረው ነገር እያደር የመስተንግዶ መለኪያ ሆነ። ዛሬ ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ነዳጅ ማደያውም፣ የመኪና ሻጩም ይጠቀምበታል። ኤም ኤስ ፒ ኤ የሚባል ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበርም አለው።

ጤናው ዘርፍ ውስጥም አለ። ጎንደር ላይ ተመራማሪዎች «ልጄ ተቅማጥ ይዞታል» የሚል ሰው ወደየመድኃኒት ቤቱ ልከው፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ይሸጥ እንደሆነ አጥንተዋል። ብዙዎቹ ሸጡለት። ያንን በመጠይቅ ብትጠይቃቸው «ያለ ማዘዣማ አንሸጥም» የሚል መልስ ነበር የምታገኘው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ባንኩ አንተን በቀጥታ አይቀጥርህም። አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ይቀጥራል። ድርጅቱ አስተባባሪ አለው፤ አስተባባሪው በየከተማው የሚያውቃቸው ሰዎች አሉት። ከነዚህ አንዱ ነህ። ከመሄድህ በፊት መመሪያ ይሰጥሃል፦ የቱ ቅርንጫፍ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ማን መስለህ፣ ምን ብለህ ጠይቀህ። ስትመለስ ቅጹን ትሞላለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ። አንድ አራሚ ያነበዋል። የጎደለ ካለ ይደውልልሃል። እሱ ካላጸደቀው ክፍያ የለም። ከጸደቀም በኋላ ብሩ ወዲያው አይመጣም። ወር ጠብቄ አውቃለሁ፣ ከዚያም በላይ።

ልጁ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ታዲያ በቀን የሚከፈለው?»

በቀን የሚከፈል አላየሁም።

ደሴ ላይ ሚስጥር የለም

መጽሐፍ የማይነግርህ ችግር ይኼ ነው። ሥራው ሚስጥራዊ ነው፤ ደሴ ግን ሚስጥር የምታውቅ ከተማ አይደለችም። ፒያሳ አንድ ካፌ ገብተህ ስትቀመጥ አስተናጋጇ የአክስትህ ልጅ ጓደኛ ናት። ሸዋ በር ሱቅ ብትገባ ባለሱቁ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህ?» ይልሃል። ከዚያማ ምን መስተንግዶ ይለካል? ስኳሩ ሁሉ ይጨመርልሃል።

መመሪያዎቹ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሚሠራበት ቤት እንዳትሄድ ይከለክላሉ። ትክክል ነው። ግን በኛ ከተማ መመሪያው በደንብ ከተከበረ የሚተርፍ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ የተለመደው መላ መለዋወጥ ነው፦ የደሴው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ የኮምቦልቻው ወደ ደሴ ይወጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ያም ቢሆን አያስተማምንም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት ብርድ ብሎህ ጃኬት ለብሰህ ትወርዳለህ፣ እዚያ ስትደርስ ፀሐዩ ያስወልቅሃል። ኮምቦልቻ ውስጥ ጃኬት በክንዱ ያንጠለጠለ ሰው ከወዴት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ጃኬቴን ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

አንድ ማኪያቶ በቅርብ ሲታይ

የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ነበር። መመሪያው አጭር ነው፦ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ገብተህ ማኪያቶና ኬክ ታዛለህ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ተቀመጥኩ። ስልኬን ከጠረጴዛው በታች አድርጌ ሰዓት አየሁ። ከተቀመጥኩበት እስከ ሰላምታው ስንት ደቂቃ? ከትእዛዙ እስከ ማኪያቶው ስንት? ጠረጴዛው ላይ የቀድሞ ሰው ፍርፋሪ አለ? ማኪያቶው ሲመጣ ውኃ አብሮ መጣ? አስተናጋጇ «ሌላ የሚጨመር ነገር?» ብላ ጠየቀች? መጸዳጃ ቤቱ ሳሙና አለው? ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ እየያዝኩ ፊቴን ደግሞ ተራ ሰው ማስመሰል ነበረብኝ። ማስታወሻ ማውጣት አይቻልም። ብልሃቱ ሚስት እንደሚያናግር ሰው ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ ድምፅ መቅዳት ነው፤ የራስህን ድምፅ ማለቴ ነው። «አዎ ስድስት ደቂቃ ነው... አይ ሳሙና የለም...» እያልኩ ሳወራ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በአዘኔታ አየኝ።

የሌላን ሰው ድምፅ ወይም ምስል መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321 ነው። መመሪያው ፎቶ ከጠየቀህ የበሩን፣ የዋጋ ዝርዝሩን፣ የመደርደሪያውን አንሳ። ፊት አታንሳ። አስተባባሪው «ቪዲዮ በድብቅ ቅረጽ» ካለህ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ማኪያቶው በስድስተኛው ደቂቃ መጣ። ኬኩ የትላንት ነበር። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ እያለሁ ሁሉንም ጻፍኩ፣ ማታ ቅጹን ሞላሁ፣ ላክሁ። በማግስቱ ተመለሰብኝ። «ካፌው በዚያ ሰዓት ዝግ ነው» ይላል።

እንዴት ዝግ? ገብቼ ጠጥቻለሁ! ነገሩ በኋላ ገባኝ። «4፡20» ብዬ ነው የጻፍኩት። ቅጹ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማኪያቶ የጠጣሁ አስመሰለኝ። መጻፍ የነበረብኝ 10፡20 ነበር። ደረሰኙ ደግሞ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሚታተም የኔ ቅጽ ከደረሰኙ ጋር ስድስት ሰዓት ተራራቀ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ይመስለኛል።

ደረሰኝ ካልን ዘንዳ፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ቁራጭ እሱ ነው። ድርጅቱ መሄድህን የሚያምነው በደረሰኝ ነው። ትልልቅ ቤቶች ችግር የለባቸውም፤ ማሽኑ ያወጣዋል። ትንንሾቹ ጋ ግን ደረሰኝ ስትጠይቅ አየሩ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሳሙናና የዘይት ዋጋ ላይ ታች እያልኩ ስሰበስብ አንድ ትልቅ ሰው ባለሱቅ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ከገቢዎች ነህ እንዴ?» አሉኝ። አይደለሁም ብል አያምኑኝም። «በደረሰኝ ከሆነ ቫቱን ትጨምራለህ» አሉ ቀጥለው። ቫት 15 በመቶ ነው፣ የአንድ ሳሙና ዋጋ ላይ ብዙ አይደለም፤ ግን አስተባባሪው የፈቀደልኝ ብር ከዚያ በታች ነበር። ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ስለዚህ ከመውረድህ በፊት «ደረሰኝ ካልሰጡኝስ?» ብለህ ጠይቅ። ጥሩ አስተባባሪ መልስ አለው፦ የዕቃው ፎቶ፣ የበሩ ፎቶ፣ ወይም በስልክ የተከፈለበት ማረጋገጫ።

ነጻ የተባለው ምሳ

ሰውን የሚስበው ብሩ ብቻ አይደለም፤ «በነጻ ትበላለህ» የሚለውም ነው። ደሴ ላይ እውነተኛ ነጻ ግብዣ የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ሲያበሉ ስሙ እንደሚለው ማንም አይጠየፍም ነበር። የዛሬው ግን ሒሳብ አለው።

መጀመሪያ የምትከፍለው አንተ ነህ፣ ከራስህ ኪስ። ከዚያ ሪፖርቱ ከጸደቀ ይመለስልሃል። ካልጸደቀ የራስህን ምሳ በልተሃል ማለት ነው፣ ያውም እየቆጠርክ። አንዳንዱ ሥራ ደግሞ የድካም ክፍያ የለውም፣ ክፍያው ምግቡ ራሱ ነው። ወጪ ተመላሽና የአገልግሎት ክፍያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መመሪያው ላይ ሁለቱ ተለይተው ካልተጻፉ አትሂድ። ጉርሻ ከሰጠህም ብዙ ጊዜ ከራስህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው የምን ቀን እንደሆነ አያስብም። ረቡዕ ቀን ክትፎ እዘዝ የሚል መጥቶልኝ ያውቃል። ረመዳን ላይ የምሳ ሰዓት ሥራ ለሙስሊም ወዳጄ ተልኮለት ነበር። ወሎ ውስጥ ደግሞ የሥጋ ነገር ሌላ ጥያቄ አለው፦ የማን ቤት፣ የማን ባራኪ። ይህ አያሳፍርም፣ ከመቀበልህ በፊት ንገራቸው። ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል ወይም ቀኑን ይቀይሩታል። ተቀብለህ ሄደህ ሽሮ አዝዘህ ብትመለስ ግን ሪፖርቱ ውድቅ ነው።

እስቲ አንድ ጊዜ ሒሳቡን እንሥራ። ክፍያው 500 ብር ነው እንበል። መመሪያውን ማንበብ ግማሽ ሰዓት። ተራ ጠብቀህ ሚኒባስ ሞልቶ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ወርደህ እስክትደርስ አንድ ሰዓት። ውስጥ ግማሽ ሰዓት። መመለሻው አንድ ሰዓት። ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅጹ 40 ጥያቄ ካለው ደግሞ ይበልጣል። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ባጃጅና የስልክ ዳታ 150 ብር ቢወስድ 350 ብር ቀረ። በሰዓት 80 ብር አይሞላም። ከዚህ ላይ ድርጅቱ ቅድመ ግብር ሊቀንስ ይችላል። መጥፎ ነው አልልም፤ ኮምቦልቻ ሌላ ጉዳይ ካለህ፣ ወይም በአንድ ጉዞ ሦስት ቅርንጫፍ ከሰጡህ ያዋጣል። ለአንዲት ማኪያቶ ብቻ ከሆነ ግን ከትርፉ ታሪኩ ይበልጣል።

የሚገዙት ጽሑፍህን ነው

ይህን ልጁ አልጠበቀውም። ሥራው መግዛት መሰለው። መግዛቱ ሩብ ነው። ሦስት አራተኛው መጻፍ ነው፣ ያውም እንደ ፖሊስ ቃል።

«አስተናጋጇ ጨዋ አይደለችም» ብለህ ብትጽፍ አራሚው ይመልስልሃል። ጨዋ አለመሆን ምንድን ነው? «ሰላም ሳትል ሜኑውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ለማዘዝ እጄን ሁለት ጊዜ አነሣሁ። ከ11 ደቂቃ በኋላ መጣች» ብትል ግን ያልፋል። የመጀመሪያው ያንተ ስሜት ነው፣ ሁለተኛው የሆነው ነገር። የተሰማህን ለመጻፍ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ አለልህ፤ እስከዚያ ድረስ ዓይንና ሰዓት ብቻ።

ስለ አስተናጋጇ ካነሣን አይቀር፣ እኔን ከሥራው ያራራቀኝም እሷ ናት። 11 ደቂቃ ያስቆየችኝ አንዲት ልጅ አለች፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ቅጹ ስሟን ይጠይቃል። ስድስት ጠረጴዛ ብቻዋን ነበር የያዘችው፤ ሌላዋ ቀርታ ኖሯል። ቅጹ ላይ «ለምን ዘገየች» የሚል ጥያቄ የለም። በአስተያየቱ ቦታ ላይ «በሰዓቱ ስድስት ጠረጴዛ የምታስተናግደው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበረች» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው ደወለና «ከጥያቄው ውጭ ነው፣ ላውጣው?» አለኝ። እንዳያወጣው ለመንኩት። ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ወግ አጥባቂ ልሁን አልሁን፣ የአንድ ሰው እንጀራ ያለበትን ወረቀት በግማሽ ልብ መሙላት ደስ አይልም። የሙያው ሰዎች ራሳቸው ይህ መሣሪያ ሠራተኛን ለማሠልጠን እንጂ ለማባረሪያ አይሁን ይላሉ። ቀጣሪው ግን ሁልጊዜ ይሰማል ማለት አይደለም። የምትጽፈው እውነት ከሆነ፣ ሰበቡንም ጨምረህ ጻፍ። ያላየኸውን ደግሞ አትጻፍ። ቤትህ ቁጭ ብለህ የሞላኸው ቅጽ አንድ ቀን የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ ይነበባል።

ብሩ ወዴት ነው የሚሄደው?

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። 600 ብር ላክ የሚለው።

ጠቅላላው መለያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ብሩ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? ሥራ ከሆነ ከእነሱ ወዳንተ ይመጣል። መመዝገቢያ፣ ማሠልጠኛ፣ መታወቂያ ማሠሪያ፣ ዋስትና፣ ስሙን ምንም ይበሉት፣ ካንተ ወደነሱ ከሄደ ሥራ አይደለም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለዜጎቹ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም ይኸው ነው፦ ሚስጥራዊ ደንበኛ ለመሆን አትክፈሉ።

እዚያ ማታለያው የሚሄደው በቼክ ነው። ትልቅ ቼክ በፖስታ ይልኩልሃል። ባንክ አስገባው፣ ያንተን ድርሻ አስቀርና ቀሪውን በገንዘብ ማስተላለፊያ ላክ፣ «የአገልግሎቱን ጥራት የምትገመግመው» በዚሁ ነው ይሉሃል። ባንኩ ብሩን በቀናት ውስጥ ይለቅልሃል፤ ቼኩ የውሸት መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። የላክኸው ገንዘብ አይመለስም፣ የባንኩ ዕዳ ያንተ ይሆናል። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ይንገረው፤ አዲስ የሄደ ሰው ቶሎ ይገባበታል።

እኛ ጋ ቼኩ የለም፣ ስልኩ ግን አለ። አንዱ መንገድ የጎረቤቴ ልጅ ያሳየኝ ነው፣ ቀጥታ መመዝገቢያ። ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ እነሱ ይከፍሉሃል። «ይህን ሆቴል አምስት ኮከብ ስጥ፣ ይህን ቪዲዮ ላይክ አድርግ» ይሉህና እውነተኛ 80 ብር፣ እውነተኛ 150 ብር ቴሌብርህ ላይ ይገባል። ታምናለህ፤ እንዴት አታምንም፣ ብሩን አይተኸዋል። ያ ብር ግን ካንተ በፊት የተታለለው ሰው ብር ነው። በሦስተኛው ቀን «ደረጃህን ለማሳደግ 2,000 አስገባ» ይመጣል። ገጻቸው ላይ ሒሳብህ 14,000 ደርሷል ይላል። ለማውጣት ስትሞክር «መጀመሪያ ግብሩን ክፈል» ይሉሃል። ገጹ ላይ ያለው ቁጥር እነሱ የጻፉት ቁጥር ነው እንጂ ብር አይደለም።

ሦስተኛው አጭር ነው፦ ቴሌብር የላከው የሚመስል «ገንዘብ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት ነው የላክሁት፣ ትርፉን መልስልኝ» ይላል። መልእክቱን አትመን። መተግበሪያው ውስጥ ገብተህ ወይም *127# ደውለህ ቀሪ ሒሳብህን እይ። የይለፍ ቁጥርህን ለማንም አትስጥ፣ ለ«አስተባባሪ»ም ቢሆን። ብሩን ከላክህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። አፍሮ ዝም ማለት ነው እነሱን የሚጠቅማቸው።

ድርጅት ነን የሚሉ ከሆነ ስማቸውንና የግብር ከፋይ ቁጥራቸውን ጠይቅ። የንግድ ፈቃድን በዚያ ቁጥር የሚያረጋግጥ የንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ አለ፣ በነጻ ነው። ከዚያ በኋላም ውል በጽሑፍ። በቴሌግራም የተጻፈ ቃል ቢያንስ እንዳይጠፋ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጠው።

እውነተኛውስ የት ይገኛል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በዚህ ሥራ ብቻ የሚኖር ሰው አላውቅም። የጥናት ድርጅቶቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፣ ወደኛ የሚወጡት ፕሮጀክት ሲመጣ ብቻ ነው። የውጭዎቹ መድረኮች ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ ግን ሥራዎቻቸው ባብዛኛው በሌሎች አገሮች ከተሞች ናቸው፣ ክፍያቸውም እዚህ ቁጭ ብለህ በቀላሉ በማትቀበለው መንገድ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የሚያዋጣው በጎን በኩል መግባት ይመስለኛል። ዳታ ሰብሳቢ ሆነህ ጀምር። ጥናት ሲመጣ ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ሰው ማለት ነው። ለዚህ ዲግሪ፣ ትዕግሥትና ጥሩ ጫማ ይበቃል፤ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን ጥናት ሲሠሩ ይፈልጋሉ። አንዴ ሥራህን ያየ ሱፐርቫይዘር ስምህን ይዞ ይቆያል። ሚስጥራዊ ደንበኛ ሲያስፈልገው የሚደውለው ለዚያ ሰው ነው። ለኔም የተደወለው በዚሁ መንገድ ነው። የምርት ክትትልም አለ፦ ቢራው ወይም ለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ በተባለው ቦታ ተደርድሯል ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው የሚል። ይህ ሚስጥር አያስፈልገውም፣ የአክስትህ ልጅ ሱቅም ቢሆን ትገባለህ።

አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ፣ እስካሁን አልሞከርኩትም። እዚህ ካፌና ፔንሲዮን ከፍተው እነሱ ግን አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም አሜሪካ የሚኖሩ ባለቤቶች አሉ። ቤታቸውን የሚያውቁት ሥራ አስኪያጁ በስልክ በሚነግራቸው ነው። በወር ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ ያየውን በሁለት ገጽ የሚጽፍላቸው ሰው ቢያገኙ የሚከፍሉ ይመስለኛል። ችግሩ ያው ነው፤ በሦስተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ ያውቅሃል።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ አሁንም ስልኩን እያየ ነው። «ምናልባት እነዚህ ግን እውነተኛ ቢሆኑስ?» አለ። 1,500 ብር በቀላሉ ከሰው ልብ አይወጣም።

«ጠይቃቸው» አልኩት። «600 ብሩን ከመጀመሪያ ክፍያዬ ላይ ቀንሱት በላቸው።»

ጻፈ። ላከ። ሁለት ሰማያዊ ምልክት እንደምትጠብቅ ልጃገረድ ስልኩን ሲያይ ቆየ። ጀበናዋ ስትነሣ «እየጻፈ ነው» አለ። ከዚያ ዝም። ቀና ሲል ፊቱ ተቀይሯል። ስልኩን አዞረልኝ፤ የ«ማናጀሩ» ፎቶ ጠፍቷል፣ መልእክቱም ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

«አገደኝ» አለ፣ ሲኒውን እያቀበለኝ።